የታናሺቱ የልደት ወረቀት

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ቆመን እንሄዳለን።

ትናንት የሰዓት መጠገኛ ሱቄን ዘግቼ ከሚያበረው የጦር አውሮፕላን ጋር ተቃጥሎ ለቀረው ልጄ መታሰቢያ ሄድኩ። አስከሬኑን ያላመጡልኝ ሰዎች ስሙን በነሐስ ቀርጸው ከተማረበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። የአየር ኃይሉ አዛዥ እጄን ጨብጦ፣ «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ጀግና ወልደው እንዴት ያዝናሉ?» አለኝ። «የእርስዎ ልጆችስ ምን ይሠራሉ?» ብዬ ብጠይቀው እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ካሜራው ዞረ።

ታናሺቱ ልጄ ግን ከአዛዡ ጋር ቆማ ብዙ አወራች። ዛሬ ጠዋት ያን የመሰለ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣ መጣችና፣ «አባባ፣ የልደት ወረቀቴ የት ነው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ፣ ጠፍቶ ይሆናል» አልኳት።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ብትጠይቅሽ አላየሁም በያት፤ አደራ።

ሰላምሽ ይብዛልኝ፤

ወንድምሽ