ትኩሳት ነው ያልኩበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ሊያ «እታለም፣ መብራቱን አብሪልኝ» አለችኝ። መብራቱ በርቷል። ፀሐይም አልጋዋ ላይ ነው። ዓይኗ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ቀኝ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ መላ ሰውነቷ።
እህቴ ስምንት ዓመቷ ነው። ኩላሊቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ገና ሁለተኛ ቀኗ። ጠዋት ራሴን ፈለጠኝ ስትል ለሲስተሯ ነገርኩ። ግፊቷን ለካች፤ ከፍ ብሏል። ስላለቀሰች ነው፣ ፖሌ፣ አይዞሽ በስዋሂሊ፣ ብላኝ ሄደች። አመስግኜ ተቀመጥኩ። አመስግኜ።

ረቡዕ
መንቀጥቀጡ ቆሟል። ግን አታይም። ሐኪሙ አስረዳን፦ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደም ግፊቷ ወጥቶ የአንጎሏ የኋላ ክፍል አብጧል፤ የማየት ሥራው እዚያ ነው። ግፊቱ ቶሎ ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ።
ሲስተሯ ፊቴ ቆማ፣ ስለ ራስ ምታቱ ማንም አልነገረኝም አለች። እማዬ ወደ እኔ ዞራ ለምን ዝም አልሽ አለችኝ። ነግሬያለሁ ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ «በሰው አገር አትጨቃጨቂ» አለችኝ እማዬ። ዝም አልኩ። ሕግ የተማርኩት ለዚህ ነው? ማስታወሻዬ፣ አንቺን እንኳ ማየት አፍራለሁ።

ዓርብ
አየች! ግድግዳው ላይ የተሳለውን ዝሆን፣ ጆሮው ተልጧል አለች። ቀጥላ ፀጉርሽ ቆሽሿል አለችኝ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩ።
ከሰዓት እትዬ አልማዝ፣ የእማዬ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ፣ ሾርባ ይዛ መጣች። አንቀጠቀጣት የሚል ወሬ እንዳይወጣ፣ የሚጥል በሽታ ነው ይሏታል፣ ነገ ማን ያገባታል አለች። ስምንት ዓመቷ እኮ ነው። ሌሎቹ ጠያቂዎች ሲገቡ እማዬ አየችኝ። «ትኩሳት ነው» አልኳቸው። ከገዛ አፌ።

እሑድ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር፣ ቤታችን
ትናንት ወጣን። የግፊት መድኃኒት፣ ጠዋትና ማታ። እንግዳ ሲመጣ እማዬ መድኃኒቱንም መለኪያውንም ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች። ዛሬ ሳሎኑ ሞላ፤ የመድኃኒቷ ሰዓት አለፈ። ሊያ ጆሮዬ ላይ፦ «ራሴን አሞኛል። እስኪሄዱ ዝም ልበል?»
ቁልፉን ከእማዬ እጅ ወሰድኩ። ሁሉም እያዩ ግፊቷን ለካሁ። ወጥቷል። መድኃኒቷን ሰጠኋት፤ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ አሁኑኑ አምጧት አለ። ለእንግዶቹ ነገርኳቸው፦ አንቀጥቅጧት ነበር፣ ዓይኗም ጠፍቶ ነበር፣ ከግፊት ነው። የሚጥል በሽታ ቢሆንም ነውር አልነበረም። እትዬ አልማዝ ጫማዋን ፈለገች። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።
ታክሲው በር ላይ ነው። ሊያ ጫማዋን እያደረገች ነው።
እህቴ አመመኝ ለማለት ፈቃድ እንድትጠይቅ ከእንግዲህ አልቀበልም። ከሐኪም ቤትም፣ ከእናቴም፣ ከራሴም።