የቀብር መዋጮዬን ሽያጭ ላደረጉልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ይሳቅ፣ የገቢ ሰብሳቢ ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ዓይንዎም የሰው ስልክ ለማንበብ እንደተጋ ይቆይ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ቱሪያ እባላለሁ፤ መጋላ ገበያ ውስጥ የሴቶች ድሪያ ቀሚስ የምሸጥበትን ሱቅ ያሸጉብኝ ነኝ። ደህና ነኝ። እንቅልፍ ብቻ የለኝም።

አንደኛ። የሰፈራችን እድር፣ የአፎሻችን ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ፣ ሰው ሲሞት ለከፈንና ለለቀስተኛ ምግብ የሚዋጣው በእኔ ስልክ ነው የሚገባው። እርስዎ ሁሉንም «የተደበቀ ሽያጭ» ብለው ግብር ጣሉበት። ሙታኖቻችንን ደንበኞቼ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ብቻዬን ስሆን፣ ምናልባት እውነት ሸጬ ይሆን እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ይህም የእርስዎ ውለታ ነው።

ሁለተኛ። የድሪያዬን ግብር ከፍያለሁ። በስልኬ የገባውን ገንዘብ ዝርዝር እንዲያዩም ፈቅጃለሁ። ማየት ማለት ሰልፈኛ ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር። «ቢሻሮ! ይቺ ደግሞ በየሳምንቱ የምትልከው የማን ቀብር ነው?» ብለው ሳቁ። ቢሻሮ ከባሏ ደብቃ እኔ ዘንድ የምታጠራቅመው ነበር። የባሏ ወንድም ሰልፉ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። አሁን የምትኖረው እኔ ቤት ነው። ስልክ ሲጮህ ትደነግጣለች።

ሦስተኛ። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ጅምላ ነጋዴ ገንዘብ የሚቀበለው በሌሎች ሰዎች ስም በወጡ ስልኮች ነው። አንዱ የሳላሕ ነው። ሳላሕን አፎሻችን አምና ቀብሮታል፤ እርሱ ግን ዛሬም ስኳር ይሸጣል። ለሟች ምስጢር ስላሳዩት ጥንቃቄ ቤተሰቡ እጅግ ሳያመሰግንዎት አይቀርም።

አራተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት። ፈርቼ ነው። ከዚያ መልሼ ጻፍኩት፤ ከስሜ በታች ያገኙታል።

በሬን በማኅተምዎ ያስጌጡልኝ፣ ከሟቾች ጋር በመነገድ የታወቅሁ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳዎት አክባሪዎ፣

ቱሪያ አብዲራህማን
ድሬዳዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዝርዝሩን ሲያነቡ አንድ ስም ዘለሉ፤ የራስዎን። «ደረሰኝ ይቅር፣ ታክሱን ቀንሺልኝ» ብለው ድሪያ የገዙበት ነው። ትናንት ባለቤትዎ ገበያ ላይ አግኝተውኝ፣ «አቦ ቱሪያ፣ ለእኔ የደረሰኝ አንድ ድሪያ ነው፤ ለመሆኑ ስንት ነበር የገዛው?» አሉኝ። አስታውሼ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ሱቄ ከተከፈተ ሥራ ስለሚበዛብኝ መርሳቴ አይቀርም። እንደታሸገ ከቆየ ግን ሥራ ፈት ነኝ፤ ቤትዎ ድረስ መጥቼ፣ ቁጭ ብዬ አጫውታቸዋለሁ።