ግንባሬን የሰጠሁበት ቀን

ይድረስ ጅማ ላለኸው ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ዳኛው።

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ነገር ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ባለቤትህ እትዬ ሽታዬስ ደኅና ናት? የጅማ ዝናብስ አባራ? እኛ ጋ፣ ትርንጎ ጉልበቷን እያመማት ቁስቋምን ለመሳለም ስትወጣ ሁለት ቦታ ታርፋለች እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አልነካንም፤ ተመስገን ነው። እኔ ግን ደክሞኛል አያ። በሽታ አይደለም፣ እንዲያው ደክሞኛል። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርህ ታገሠኝ፤ ለጸሐፊ ነግሬ የማላስጽፈው ነገር ስለሆነ በገዛ እጄ ነው የምጽፍልህ።

ሽልማቱን በጋዜጣ አየሁት ብለሃል፤ እውነት ነው። በጥቅምት ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አስጠሩኝና፣ ከመላ አገሪቱ በዘፈን፣ በቲያትርና በጭፈራ ለበለጡ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ሜዳሊያ ይሰጣል፣ ከዚህ ለመሰንቆ እርስዎ ተመርጠዋል አሉኝ። አርባ ዓመት በየሰርጉና በየጠጅ ቤቱ ስጫወት አዝማሪው ከማለት በቀር በስሜ የጠራኝ የለም፤ እነሱ አቶ የሻው ብለው ወንበር ሰጡኝ። ሸጋ ነው አልሁ። ትርንጎ ግን ሜዳሊያው ምን ይመስል ይሆን እንኳ አላለችም፤ ውድነህን ልታየው ነው አለችኝ።

ልጃችን እዚያው አዲስ አበባ ኮሌጅ ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን መጥቶ አላየንም። ለጓደኞቹ አባቴ እንፍራንዝ ገበሬ ነው እንደሚላቸው ሰምቻለሁ። በዚህ አልተቀየምሁትም። የአዝማሪ ልጅ መባል ምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ መሰንቆህን ሰቅለህ ጅማ የወረድኸው በምን ሆነና። ብቻ የሽልማቱን ቀንና አዳራሹን ጻፍሁለት፤ እናቱም ድርቆሽና ቋንጣ በከረጢት አሰረችለት። አውቶቡሱ ገና ጠዳን ሳያልፍ አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው፤ ሁለት ቀን መሰንቆዬን ታቅፌ ተጓዝሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሰማው። እኛ የለመድነው ግጥም የሚሰጠን፣ ተቀበል የሚለን፣ ሲሰክርም የሚሰድበን ሰው ነው፤ እዚያ የሚያስል እንኳ አልነበረም። ስጨርስ አጨበጨቡ። ከዚያ ስሜ ተጠራና አንድ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ ሹም የሚያብለጨልጭ ነገር ይዘው ወደ እኔ መጡ። አያ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር የያዘ እጅ ወደ እኔ ሲመጣ ዕድሜ ልኬን የማደርገው አንድ ነገር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ግንባሬን ቀና አድርጌ ሰጠኋቸው፤ እንደ ጠጅ ቤት ሳንቲም ግንባሬ ላይ ሊለጥፉልኝ መስሎኝ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። ዓይኔን ስገልጥ ለካ ሜዳሊያው ጥብጣብ ያለው፣ አንገት ላይ የሚጠለቅ ኖሯል። ሹሙ ጨዋ ናቸው፤ ፈገግ እንኳ ሳይሉ አጠለቁልኝ። ሳቁስ ግድ የለም፣ ሰው ማሳቅ እንጀራዬ ነው። ግን ከሚስቁት መሀል ውድነህን አየሁት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከረባት አስሮ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ። አጠገቡ ያለውን ልጅ ትከሻ ይዞ ነበር የሚስቀው።

በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እሱ የለም። ድርቆሹን ይዤ ብመለስ እናቱ ታውቃለች ብዬ ለዘበኛው ሰጠሁት። ለእሷ፣ አገኘሁት፣ ወፍሯል፣ ስንቁንም ወዶታል አልኋት። ደስ ብሏት አለቀሰች።

በሳምንቱ ከእሱ ደብዳቤ መጣ። ፈተና ስለነበረብኝ ሳልመጣ ቀረሁ፣ በጋዜጣ አይቼ ኮራሁብህ ይላል። ትርንጎ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ፈተናውን ዘልዬ፣ ድርቆሹ ጣፈጠኝ የሚል ጨምሬ አነበብሁላት። በቁሜ ግጥም መፍጠር ሥራዬ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል የከበደኝ የለም። ሜዳሊያውን ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ጎረቤት እየመጣ ያየዋል። ከጠጅ ቤቱ ሁለት ጊዜ ልከውብኝ አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ግንባሬን ለሰው መስጠት አስጠልቶኛል።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ተናድጄበት ነበር። አሁን የቀረኝ ፍርሃት ነው። ለጥምቀት እመጣለሁ ብሏል። እንዳየሁት ካወቀ ግን ፊቴን ማየት ያቅተዋል፤ ከዚህ ቤት እንደወጣ ይቀራል። እኔስ እሺ፣ እናቱ ይህን አትችለውም። አንተ ጋ እንደሚጽፍ አውቃለሁና የነገርሁህን በሆድህ ያዘው። ለማንም አልተናገርሁም፤ ለአንተም የነገርሁህ ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው።

እትዬ ሽታዬን ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ልጅህን እማዋይሽን ዓይኗን ሳምልኝ፤ አድጋ ይሆናል። የአማትህን የእማሆይ ወለተሩፋኤልን ጉልበት ስሜያለሁ፤ በጸሎታቸው ያስቡን። ትርንጎ ሁላችሁንም እጅ ነሥታለች።

ለውድነህ ስትጽፍለት ደግሞ፣ አባትህ ምነው ልጄ ሳይመጣ ቀረ፣ ሜዳሊያውን ስቀበል ቢያየኝ ኖሮ እያለ አዝኗል ብለህ ጻፍለት።

ወንድምህ የሻው
ጎንደር፣ ቁስቋም
ታኅሣሥ 5 ቀን 1956 ዓ.ም.