ሽማግሌዎቹ በመጡ ቀን

ሀፍሷ፣

ሰልሳቢል በልታለች። መኮሮኒውን ያለ ስጎ ነው የሰጠኋት፤ አንቺም ምንም እንዳትጨምሪበት። አዛን ከመድረሱ በፊት መስኮቱን ዝጊላት፤ ድምፁ ያስጨንቃታል።

እኔ ሶማሌ ተራ፣ ነስረዲን ሱቅ ሄጃለሁ።

ባለፈው እሁድ ሽማግሌ ሲልክብኝ ልጅሽን እትዬ ካሚላ ቤት የወሰድኳት እንግዳ ስለሚረብሻት አይደለም። "በዘራቸው አለ" ብለው እንዳይቀሩ ፈርቼ ነው።

ሲወጡ አጎቱ በሩ ላይ ጫማቸውን እያደረጉ፣ የሷን ትንሽ ጫማ አይተው "ቤቱ ልጅም አለው እንዴ?" ብለው ሳቁ። "የጎረቤት ልጅ ረስታው ነው" አልኳቸው። አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ አንዲት ቃል ከአፍሽ አልወጣም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ለነስረዲን እነግረዋለሁ። የእህቴ ልጅ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ኦቲዝም አለባት፣ አፏን አልፈታችም፣ አብራን ነው የምትኖረው እለዋለሁ።

ነገ መልሱን ሊሰሙ ከመጡ ሰልሳቢል የትም አትሄድም፤ ከመሃላችን ትቀመጣለች።

ካልመጡ ግን፣ አደራሽን፣ ምክንያቱን እሷ እየሰማች አታንሺብኝ።

ጀሚላ