ካህን ያልሆኑ ሦስት ሰዎች

ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 12፡20

ዛሬም አንድ ገጽ። ከት/ቤት ስገባ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ አባዬ ታብሌቱን ዘረጋልኝ። እንግሊዝኛውን አነባለሁ፣ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከነሐሴ ጀምሮ እንዲህ ነን። የምናነበው ተልሙድ ነው፣ ደብተሬ፤ የጥንት አይሁድ ሊቃውንት ሕግ የተከራከሩበት። ዕድሜውን ሙሉ አንድምታ ያስተማረ መሪጌታ፣ ግራ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ቀኙንም ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሎት፣ በቀረችው ብርሃን ተልሙድ? አይዋጥልኝም።

ወሬውን ያመጣው መ/ር ፍስሐ ነው። እኛ ት/ቤት ታሪክ ያስተምራል፤ ፊደል የቆጠረው አባዬ ዘንድ ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በቀን አንድ ገጽ፣ ሁሉም ያችኑ ገጽ፣ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምረው ያነባሉ አለን። ጥሩ። አባዬ ግን ከመጀመሪያው አልጀመረም። ዘሎ መሃል ገባ። ስለ ስእለትና ስለ መሐላ ከሚናገረው ክፍል ካልሆነ አለ። ለምን ስለው፣ አንብቢ። በቃ፣ አንብቢ።

ጥቅምት 7

ደክሞኛል። የሁለት ክፍል ፈተና አልታረመም። አባዬ ግን ጭኑን እየመታ ይስቃል። አንዱ ሊቅ እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው አይደለም ይላል፣ ሦስተኛው ተነስቶ ሁለታችሁም አልገባችሁም ይላል። ይሄማ የእኛው አንድም ነው እያለ ከሞቱ ሰዎች ጋር ይሟገታል። በአንዱማ ተናዶ ራቱን በቅጡ አልበላም።

ጎረቤታችን ወ/ሮ ጸዳለ ሱቅ በር ላይ ያዘችኝ። መሪጌታ እስራኤል ሊሄዱ ነው አሉ፣ እውነት ነው? ሳቅኩ። ቤት እስክደርስ ሳቄ አለቀ። ምናልባት ሰው እኔ የማላየውን ያያል።

ጥቅምት 10

ስለ አው አብዶሽ እነግርሻለሁ፤ አው የአክብሮት መጠሪያቸው ነው። የጀጎል፣ የግንቡ ውስጥ ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የአረብኛ መምህር፤ የአባዬ የጥንት ወዳጅ። ድሮ አልፎ አልፎ ብቅ ይሉ ነበር። አሁን በየቀኑ ልክ በንባቡ ሰዓት። ሻይ ይዤ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። የአይሁድ ስእለት ለአንድ ሐጂና ለአንድ መሪጌታ ምናቸው ነው?

የዛሬው ገጽ እንዲህ ነው፦ የተሳለ ሰው ሊፈታ ሲመጣ ሊቁ ይጠይቀዋል፤ ያን ቀን ይህን ብታውቅ ኖሮ ትሳል ነበር? አልሳልም ካለ ይፈታል። በሩ ይሄ ነው። ግን ከስእለቱ በኋላ የመጣ አዲስ ነገር እንደ በር አይሆንም ይላሉ የሚበዙት። ያን ቀን የነበረ፣ እሱ ግን ያላወቀው ነገር መሆን አለበት። እዚህ ስደርስ አባዬ ፊቱ ጠቆረ። አው አብዶሽ ጉልበቱን ነካ አድርገው፣ አይዞህ መሪ፣ ገጹ ገና ብዙ ነው አሉት።

ምኑ ነው አይዞህ?

ሲሄዱ በወረቀት የተጠቀለለ ሐላዋ አስቀመጡ። አባዬ ዳበሰውና ገፋው። ከማን ነው አላለም፤ የሚያውቅ ይመስላል። እኔ በላሁት። ጣፋጭ ነው፤ ጥርጣሬዬን ግን አልቀነሰውም።

ጥቅምት 13፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ጥላቸውን አጥፈው ጠበቁኝ። አባትሽ የሚጠይቁኝን እኔ ማድረግ አልችልም፣ ጳጳስ ዘንድ ይሂዱ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እንዳያስቸግሩኝ አሉ። ምን ጠየቀዎት ስላቸው እሳቸውን ጠይቂ ብለው ሄዱ። በዚህች ከተማ እኔ ብቻ ነኝ ሞኝ። ጸዳለ ታውቃለች፣ ፍስሐ ያውቃል፣ ቄሱ ያውቃሉ።

አባዬ ምሳ ላይ ሽሮው ጨው በዝቶበታል አለኝ።

ጥቅምት 15

ተከተልኳቸው። አዎ፣ አው አብዶሽን። ከቤት ሲወጡ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ በሌላ ባጃጅ። ፈረስ መጋላ ወረዱ። እኔም ወረድኩ። ቁልቁል ቀጭኗን መንገድ ይዘው ሄዱ፤ አረንጓዴ በር አንኳኩ። ከፋቿን አየሁ።

አስቴር። እህቴ። ጀጎል ውስጥ አሲያ ነው የሚሏት። እኔ 12ኛ ክፍል ሳለሁ አደሬ ነጋዴ አግብታ፣ እስልምናን ተቀብላ፣ ግንቡ ውስጥ የቀረች ታላቅ እህቴ። ወፍራለች። ሳቋ ያው ነው።

አባዬ ያኔ ግዝት ገዝቷል፦ ፊቷን ላላይ። ከዚያ ወዲህ በጀጎል አምስት በሮች አልገባም። ግንቡ ውስጥ ያገለግልበት የነበረውን ቤ/ክ ትቶ ውጭ ወዳለው ተዛወረ። አስራ አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ አረጁ።

አሁን ገባኝ። ሐላዋውም፣ ታብሌቱም፣ ሽማግሌውም ከእሷ ናቸው። እኔ እንደ ሞኝ በየቀኑ የእሷን ጉዳይ ሳነብ ከረምኩ!

ጥቅምት 16

አፈረጥኩት። አስቴር ናት አይደል የላከችብህ አልኩት። ስሟ በዚህ ቤት ከተነሳ ስንት ዓመቱ። ደነገጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የላከኝስ ዓይኔ ነው አለ።

ሁሉንም ነገረኝ። ታብሌቱ የራሱ የአባዬ ሐሳብ ነው። አይሁድ ስእለት የሚፈታ ሙሉ መጽሐፍ አላቸው ብሎ ፍስሐ ነግሮት ነው። አስቴር ሐላዋ ከመላክ በቀር የምታውቀው የለም። ብርሃኑ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ሊያያት ይፈልጋል።

ታዲያ ቄሱ እግዚአብሔር ይፍታህ ይበሉህና ይለቅ አልኩት። ለግዝት ይሄው ነው መድኃኒቱ፣ ማንም ያውቀዋል። አንገቱን ደፋ። ለካ ያን ቀን በንዴቱ ሊቅነቱን ሁሉ አውጥቶ ነበር የገዘተው፦ ይህን ግዝት የሚፈታኝ ካህንም እንደ እኔ የተገዘተ ይሁን። መውጫውን ሁሉ ስለሚያውቅ ሁሉንም ዘጋው። ያልተማረ ሰው እንዲህ አያደርግም። የትኛው ቄስ ይድፈር? ጳጳሱስ ቢሆኑ ካህን አይደሉም? አለኝ።

አዘንኩለት። ግን ደግሞ፣ ደብተሬ፣ ዓይኑ መጥፋቱ ከግዝቱ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ያኔ ፊቱ የጠቆረው ለዚህ ነበር። ያ በር ተዘግቷል።

ጥቅምት 22

ዛሬ ገጹ ላይ አንድ መስመር። ሊቅ ከሌለ ሦስት ተራ ሰዎች ሊፈቱ ይችላሉ።

አባዬ ድገሚው አለ። ደገምኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ አለ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ፣ እንባው በጠፋው ዓይኑም ወረደ። ካህናቱን ገዘትኩ እንጂ ተራውን ሰው ማን አሰበው አለ! አው አብዶሽ፣ ወላሂ እኔ ካህን አይደለሁም አሉ። ፍስሐም አይደለም። ሁለት። ከዚያ ሁለቱም ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ ወጥ ላማስል ብዬ ተነሳሁ።

ጥቅምት 23

አላምነውም። ግዝቱ የእኛ፣ መፍቻው የሌላ፣ ከፈቺዎቹ አንዱ እስላም። ወ/ሮ ጸዳለ ብትሰማ! ይሄ ሕግ ነው ወይስ ሁለት ሽማግሌዎች ያሰኛቸውን ለማድረግ የፈለጉት ሰበብ? አባዬ እንደሚለው ግዝቱን ያጠበቀው ልቡ ነው፣ የሚፈታውም ልቡ ነው። እንግዲህ ይህን ያለው መንገዱ ሁሉ ከጠፋበት በኋላ ነው።

ደግሞም እቀናለሁ። እጽፈዋለሁ፣ ካንቺ ምን ልደብቅ። ሐኪም ቤት የምወስደው፣ ጥፍሩን የምቆርጠው፣ ስእለት የማነብለት እኔ ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ የሚፈልገው ፊት የእሷ ነው።

ከሁሉ የባሰው፣ በሩ እኔ ጋ ነው። እሱ የገዘተው ሳትሰናበተኝ ሄደች ብሎ ነው። አልሄደችም። ያን ቀን መጥታ ነበር። ጫማዋን በእጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ልትሰናበተውና ምርቃቱን ልትለምን። ግዝቱን ከመዝጊያው ኋላ ሰማች። እኔ በጓሮ በኩል ውሃ ይዤ ስመጣ አየኋት፤ ልሰናበተው ነበር የመጣሁት፣ ሰማሁት ብላኝ ባዶ እግሯን እየሮጠች ወጣች። ስሟ እንዳይነሳ ተባለ፤ እኔም አላነሳሁም። ያን ቀን የነበረ፣ እሱ ግን ያላወቀው ነገር ይሄ ነው። ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ካልኩ ዝም ነው፤ ሦስቱም ተራ ሰዎች የሚጠይቁት ያጣሉ።

ጥቅምት 24

ታብሌቱን ስከፍት ቆየት በይ አለኝ። መስኮቱን እያየ፣ ዛሬ ደመና ነው? አለ። ፀሐይ ነበር።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት

ሳሎን ተቀምጠዋል። አው አብዶሽ ነጩን ኮፊያ አድርገዋል፣ ፍስሐ ሠርግ የተጠራ ይመስል ክራቫት አስሯል። አስቴር ፈረስ መጋላ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ስልክ ትጠብቃለች አሉ። ማን ነገራት? አሁንም እኚህ አው አብዶሽ! ልብሴን ልቀይር ብዬ ገብቼ ይኸው እጽፋለሁ።

ደንቡ ቀላል ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት አጥተዋል። ተራው የእኔ ነው። መልሱ አልገዝትም ነበር ከሆነ ሦስታችን አንድ ላይ ተፈትቶልሃል እንላለን። ይያዝ አይያዝ አላውቅም። እግዚአብሔር በዚህ መቀለዳችን ይቆጣ ወይም ይሳቅ፣ እሱንም አላውቅም። ሲሰማው እንዴት እንደሚሆን ብቻ እፈራለሁ፤ የዘጋው በር ላይ ልጁ ቆማ እንደነበር።

ወስኛለሁ። እነግረዋለሁ፣ እጠይቀዋለሁ፣ እፈታዋለሁ። ባጃጁም ይምጣ።

ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር። ወንበሬን ወደ ብርሃኑ አስጠግቼ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። አባዬ፣ ቀና በል እለዋለሁ። ዛሬ ገጽ የለም፣ ዝም ብለህ እየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ፤ አስቀድመህ እኔን

እየጠሩኝ ነው