ኩሬው ለምን አረንጓዴ ሆነ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

አባትሽ ከተቀበረ ወዲህ የጓሮው ኩሬ አረንጓዴ ሆኖ ዓሣዎቹ አይታዩም። ውሃውን በሙሉ ደፍቼ፣ ድንጋዩን በብሩሽ ፈግፍጌ፣ አዲስ ሞላሁት። ብሶበት ተመለሰ። አክስትሽ «በረኪና ጨምሪበት» አለችኝ። ዓሣ ነው እንጂ አንሶላ አይደለም አልኳት።

በመጨረሻ ኩሬውን የቆፈረልን አትክልተኛ መጥቶ አየው። «አልጌ ነው እማማ፤ የሚያፋፋው ታች የሚበሰብሰው ምግብ ነው። ውሃውን በአንዴ አይድፉት፣ ትንሽ ትንሽ ይቀይሩለት። ለመሆኑ ምን ይሰጧቸዋል?» አለኝ።

ምን ልበለው? እራት የምሠራው እስካሁን ለሁለት ሰው ነው። የአባትሽን ድርሻ ቆሻሻ ውስጥ መጣል አልሆነልኝም፤ በየማታው ለዓሣዎቹ እሰጣለሁ። ይህንኑ ነገርኩት። «ይተዉት» አለኝ። እሺ አልኩት። ማታ ድስቱን ሳወርድ ግን ያው የሁለት ሰው ሆኖ አገኘሁት።

አላለቀስኩም፤ አትጨነቂ። ሹራብ ሳትደርቢ አትውጪ። ካልከበደሽ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ትንሽ ድስት ላኪልኝ፣ የአንድ ሰው። ትልቁን ለማንም አልሰጠውም፤ አንቺ ስትመጪ ከመደርደሪያው አወርደዋለሁ። ደጃፌን ስትረግጪ ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ