ለጁምዓ ስለሰጡት አሥራ ሁለት ማርክ

ለክቡር አቶ ዲሳሳ፣ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ኃላፊ
አሶሳ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ እንዲሆን እመኛለሁ።

በገበያ «ወይዘሮ በቀለች የመንግሥት ቅጽ ቀደደች» እየተባለ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር የሰነፍ ተማሪ ወረቀት እንኳ ቀድጄ አላውቅም። የእርስዎንም በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት እንጂ አልቀደድኩትም።

ጎረቤቴ ሐዋ የሁለት ዓመት ልጇን ጁምዓን ወደ እርስዎ ያመጣችው፣ ስሙ ሲጠራ ስለማይዞርና ቀኑን ሙሉ በደጄ የለስላሳ ቆርኪ ሲደረድር ስለሚውል ነው። እርስዎም የኦቲዝም መለያውን ሃያ ጥያቄ ጠይቀው፣ «አዎ» የተባሉትን ብቻ ቆጥረው «ከሃያ አሥራ ሁለት፤ አልፏል» ብለው ስለፈረሙ አመሰግናለሁ። እናቲቱ ለሰፈሩ ቴምር አደለች፤ እኔም ሁለት ፍሬ በላሁ። ይዛው የተመለሰችውን ቅጽ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

፩. ይህ የክፍል ፈተና አይደለም። ነጥብ የሚያዘው «አይ» ለተባለው እንደሆነ፣ በሦስት ጥያቄዎች ብቻ ግን «አዎ» እንደሚቆጠር፣ ነጥቡ በበዛ ቁጥርም ሥጋቱ እንደሚጨምር፣ የማንም ጣት ባልነካው የቅጹ ጀርባ ላይ ተጽፏል።

፪. ከሦስቱ አንዱ የሆነውን «ልጅሽ የማይሰማ መስሎሽ ያውቃል?» ሲሏት ሐዋ «አዎ» አለች። ለዚህ ጭንቀቷ አንድ ማርክ ስለሸለሟት ልግስናዎ ያስደንቃል።

፫. ሐዋ በቤቷ የምትናገረው የበርታ ቋንቋ ነው። «ስሙ ሲጠራ ይዞራል?» የሚለው አማርኛ ስላልገባት፣ ሹም ፊት ዝም ማለትም ነውር ስለመሰላት «አልሐምዱሊላህ» አለች። እርስዎም «አዎ» ላይ ምልክት አደረጉ።

ይህን ስህተት እንኳ ሳልነካው፣ በትክክል ሲቆጠር፣ ከስምንቱ «አይ» ሰባቱ ከሦስቱ ልዩ ጥያቄዎች የሁለቱ «አዎ» ጋር ተደምረው ዘጠኝ ነው። ስምንትና ከዚያ በላይ ያገኘ ልጅ ሳይዘገይ ወደ ምርመራ ይላክ ይላል ያው ገጽ። ዘጠኝ ነጥብ ብቻውን ኦቲዝም አለበት እንደማያሰኝ አውቃለሁ፤ ያንን መርማሪው ይወስን። እርስዎ ግን «ትምህርት ሲጀምር አምጪው» ብለው፣ ቃል ሊለምድባቸው የሚችሉትን ዓመታት በአንድ ፊርማ ወሰዱበት። እውነቱን ለሐዋ የመንገር ክብር ለእኔ ደረሰኝ። እሷም የተረፈውን ቴምር በሻሿ ሸፈነችው።

ትዕግሥቷን በተማሪዎቿ ላይ ጨርሳ ለእርስዎ ጥቂት ብቻ የተረፋት፣
አክባሪዎ በቀለች ደባልቄ፣ ጡረተኛ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ነገ መጀመሪያ ፊቴን እታጠባለሁ። ቀጥሎ አማርኛውንም በርታውንም አጥርታ የምትናገረውን የጁምዓን አክስት እቀሰቅሳለሁ። ከሁለት ሰዓት በፊት ከሐዋና ከልጁ ጋር መላኪያ ወረቀቱን ልንቀበል ደጃፍዎ እንቀመጣለን። ጁምዓ ቆርኪዎቹን ይዞ ይመጣል። ሲደረድር እባክዎ አያቋርጡት፤ አንዱንም አያዛንፍም፤ በክፍልዎ ለአንድ ጠዋት እንኳ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ይኑር።